አባቴ ፀጉሬን የጠቀለለበት አዝመራ

ናፍጣ ሲሸተኝ ከኋላዬ ፀጉሬን ሳብ የሚያደርገኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። አትሳቁብኝ። ሌላውን ሰው ራሱን የሚያሳምመው ሽታ እኔን ቀጥ ብዬ እንድቀመጥና አገጬን ደረቴ ላይ እንድደፋ ያደርገኛል። ባለፈው ሳምንት ጎንደር መናኸሪያ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ አጠገባችን ቆመ። ጭሱ ሲደርሰኝ ሳላውቀው አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ፀጉሬን ጨብጫለሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴት፣ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው ብላት ምን ትለኝ ነበር? ዝም ብዬ ሳቅሁ።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን መተማ ዮሐንስ ነው፤ የጭነት መኪኖች ወደ ሱዳን ለመሻገር ከሚሰለፉበት መንገድ ገባ ብሎ። ፀጉሬ ወገቤን ያልፍ ነበር። በዚያ ሙቀት ፀጉር ለቅቆ መሄድ አይታሰብም፤ ረፋድ ላይ ጀርባ ላይ ብርድ ልብስ እንደ መሸከም ነው። ስለዚህ እናቴ በየማለዳው የሰሊጥ ዘይት ቀብታ፣ አበጥራ፣ ከማጅራቴ ከፍ አድርጋ ትጠቀልልልኝ ነበር። እንዴት እንደምታደርገው አይቼ አላውቅም፤ ከኋላዬ ነዋ። ጣቶቿ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ዞር ሲሉ ይሰማኛል፣ ያልቃል። እስከ ማታ ብሮጥ፣ ብዘል ንቅንቅ አይልም።

የመስከረም መጨረሻ ላይ አያቴ ጎንደር ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ የሚል ስልክ መጣ። እናቴ በማግስቱ ልታስታምማት ተነሣች። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብላ ለአባቴ የነገረችው ስለ ምግባችን ወይም ስለ ቤቱ አልነበረም።

"ፀጉሯን አደራ! እንዳታስቆርጣት!" አለችው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። የአንድ ሰሊጥ አምራች ትራክተር ነጂ ነበር፤ ሠራተኛና ውሃ በተጎታች ወደ እርሻው ያመላልሳል፣ የታጨደውን ይሰበስባል። ዝምተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲውል የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጭራሽ መናገሩን የተወው ይመስለኝ ነበር። ራት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን "ትምህርት እንዴት ነው?" ይለኛል፤ "ደኅና" እለዋለሁ፤ በቃ፣ ወሬያችን አለቀ።

እናቴ ለሳምንት ብላ ብትሄድም አያቴ ቶሎ አልነሣ ስላለች ቆይታዋ ረዘመ። እኔ ደግሞ ፀጉሬን በራሴ ላስር ብሞክር አልያዝ አለኝ። ከሥር ስሰበስበው ከላይ ያመልጣል፣ ከላይ ስይዘው ጆሮዬ ላይ ይፈሳል። እየተቋጠረ፣ እየተንጨባረረ ሄዶ በአሥረኛው ቀን መምህራችን ከሰልፍ ላይ አውጥታ፣ "ወይ አሥረሽ ነይ፣ ወይ ተቆርጠሽ ነይ" አለችኝ።

ይህ ወሬ እንዴት እንደደረሳት እንጃ፣ በዚያው ሳምንት ትልቋ የአባቴ እኅት ከገንዳ ውሃ ከተማ መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ መቀስ ነበር። ገና ሳትቀመጥ ራሴን አገላብጣ አየችና፣ "ይቆረጥና ነፋስ ያግኛት! ፀጉር እንደሁ ይበቅላል" አለች። እኔ ከውሃው በርሜል ኋላ ሄጄ ተሸሸግሁ። በርሜሉ ፀሐይ ሲያግለው ውሎ ነበርና ጀርባዬን ፈጀኝ፤ እንዲያም ሆኖ አልወጣሁም። አለቅስ የነበረው ለፀጉሬ ብቻ አይመስለኝም። እናቴ ተመልሳ ስትመጣ የማታውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከእርሻ የገባው በዚያ መካከል ነው። ፊቱ በአቧራ ተለብጦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መቀሱን አየ፣ ከበርሜሉ ሥር የወጣውን እግሬን አየ።

"እትዬ፣ አይሆንም። አደራ ተብያለሁ" አለ።

"ታዲያ ማን ሊያበጥራት?"

"እኔ።"

አክስቴ ሳቀች። "ይኸ እኮ መሪ ይዘህ የምታዞረው ነገር አይደለም!"

"እስከ እሑድ ይሰጠኝ።"

"እሺ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። ያኔ እንዲህ ካገኘኋት ግን እቆርጠዋለሁ" ብላ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ አባቴ ቀሰቀሰኝ። እጁን በኦሞ ሲፈትግ ነበር፤ ናፍጣው ግን ከቆዳው አልወጣም። ግቢያችን ካለችው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማ አስቀምጦ አስቀመጠኝና ሚዶውን ከአናቴ ሰክቶ ወደ ታች ጎተተው። ጩኸቴን የሰሙ የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ ተነሡ። "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላል፣ ደግሞ ይጎትታል። ብዙ ታግሎ ከግራ ጆሮዬ በላይ አንድ እብጠት የመሰለ ነገር ሠራና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው። "ተማም" አለ። ከድንበሩ ማዶ የመጣች ቃል ናት፤ ነገር ሙሉ ሆነ፣ ተስተካከለ ሲባል እኛ አገር ሁሉም ይላታል። አባቴ ግን የዚያን ቀን ያላት እርግጠኛ ሳይሆን ነው። ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማው ወደ ላይ ሲወጣ የእኔ ጥቅል ወደ ታች ወረደ። ከኋላዬ አንዱ፣ "ሂላው ተናደ!" ብሎ ጮኸ። ሂላ እንዲደርቅ ተደግፎ የሚቆም የሰሊጥ ክምር ነው። ሰልፉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ዕለት አባቴ በትራክተሩ ይዞኝ ወደ እርሻው ሄደ። ከደጋ ለአዝመራ የወረዱት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ጎንበስ ብለው እያጨዱ ያስራሉ። አየሩ ሰሊጥ ሰሊጥ፣ ላብ ላብ ይሸታል። ከመካከላቸው ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግዙፍ ጎጃሜ ነበር፤ እሱ ያሰረው ነዶ ከተጎታች ላይ ቢወረወር እንኳ አይፈታም ይባላል። ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ትንሽ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ስማኝማ፣ ነዶህ የማይፈታው እንዴት ብታስረው ነው?"

ጎጃሜው አባቴን አየ፤ ከዚያ በአባቴ ትከሻ አሻግሮ እኔን አየኝ። ያን ቀን ፀጉሬ ግማሹ ታስሮ ግማሹ ዓይኔ ላይ ወርዶ ነበር።

"ለሰሊጡ ነው ለልጅቱ?"

አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ "ለልጅቱ" አለ።

ሰውየው እንደሚስቅብን ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ተነሥቶ ከሮቶው ውሃ እየቀዳ፣ "ሦስት እኅቶች አሳድጌያለሁ። እናታችን በጊዜ አለፈችብን። ና፣ እጅህን ታጠብ" አለው።

ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ጎጃሜው አልነካኝም፤ ቆሞ እያየ አባቴን ነው ያዘዘው። "ከጫፉ ጀምር። ከሥሩ ከጀመርህ አንተም ትደክማለህ፣ እሷም ትጮኻለች።" ቀጥሎ፣ "አሁን በአንድ እጅህ ሥሩን ያዝ። አትጠቅልል! ጠምዝዝ። ገመድ እንደምትገምድ። በደንብ ሲጠመዘዝ ራሱ ይጠቀለልልሃል።" ምሳቸውን የሚበሉት ሳሉጎች ቆሎና እንጀራቸውን እንደ ያዙ ከበቡን። ሁሉም ዐዋቂ ሆነ።

"ወደ ላይ! ወደ ላይ አድርገው!"

"ኧረ ቀስ፣ ልጅቱን ልታንቃት ነው!"

"አቦ ተውት፣ ይሞክርበት" አለ አንድ የወሎ ልጅ።

አራት ጊዜ ፈረሰ። በአምስተኛው የፀጉር ላስቲኬ ተበጠሰ። አባቴ ጥቅሉን ለእኔው አስይዞኝ ወደ ትራክተሩ ሮጠና ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጠን ያለች ጎማ ቆርጦ መጣ። ሁለት ጊዜ አዞራት፣ ጫፏን አሾልኮ ቋጠራት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። አልወደቀም። ጎጃሜው ጺሙን እያሻሸ፣ "በትራክተር ፈትናት" አለ።

አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ "ያዥ!" ብሎ ነዳ። የታጨደውን ማሳ አቋረጥን፤ የደረቀውን ቦይ ወርደን ወጣን፤ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ አንገጫገጨን። እኔ እየጮኽሁ እስቃለሁ፤ አባቴም ሲስቅ ጥርሱን ሁሉ አየሁት። ዞረን ስንመለስ ሳሉጎቹ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጥቅሌ እንዳለ ነበር። ያፏጩት ፉጨት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እሑድ አክስቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች። ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ግራ ቀኝ ነቀነቀችኝ፤ ጥቅሉንም ሳብ አደረገችው።

"ማን ነው ይኸን የሠራው?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

"ውሸት! ፍታና እንደ ገና ሥራው።"

ፈታው። እያየችው ከጫፉ አበጠረ፣ ጠመዘዘ፣ ጎማዋን አዞረ። ከግንባሩ ላብ ይንጠባጠብ ነበር። ሲጨርስ አክስቴ ጥቅሉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ መቀሱን ከቦርሳዋ ስታወጣ ዓይኔ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ እሷ ግን ከጥቅሉ ተርፎ የወጣውን የጎማ ጫፍ ቀጭ አድርጋ ቆረጠችና መለሰችው። እኔን ከበርጩማው አስነሥታ እሷ ተቀመጠችበት። ሻሿን ፈታች። ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ እንዲያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

"እስቲ የእኔንም" አለችው። "ልጅ ሆኜ ካልሆነ ሰው አበጥሮኝ አያውቅም።"

አባቴ እጁን እንደ ገና ሊታጠብ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እስከ አዝመራው መጨረሻ በየማለዳው ኒሟ ሥር ነበርን። ከመንገዱ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን ሲያስነሡ ይሰማል፤ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል መቅላት ሲጀምር ሚዶው ፀጉሬን ይነካል። አሁን ስነግራችሁ እንኳ የሚገርመኝ፣ ፊት ለፊት ሲሆን ቃል የማይወጣው አባቴ ከኋላዬ ሲሆን ያወራ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሞተር ነበር የሚያወራኝ። ኋላ ስለ ራሱ ሆነ። ከደጋ ሲወርድ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሙቀቱን ፈርቶ እንዳለቀሰ፤ መጀመሪያ ትራክተር ሲሰጡት ወደ ኋላ መንዳት ሳይችል እችላለሁ ብሎ ዋሽቶ እንደተቀጠረ። እኔ መዞር አልችልም፤ ከዞርሁ ጥቅሉ ይፈርሳል። ደግሞም ከዞርሁ ወሬው የሚቋረጥ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አገጬን ደፍቼ፣ እያንዳንዷን ቃል እየሰማሁ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ሠርቶ ሲጨርስ፣ "ጠበቀኝ" እያልሁ ሆን ብዬ አስፈታው ነበር።

ኅዳር ሊገባደድ ሲል አንድ ማለዳ፣ "እናትሽን መጀመሪያ ያየኋት ቀን ትራክተሩ መንገድ መካከል ጠፋብኝ" ብሎ ጀመረ። ጄሪካን ተሸክማ ስትመጣ ትለፍ ብሎ ቆመላት፤ ሞተሩ በዚያው ጠፋና አልነሣ አለ። ከኋላው መኪና ሁሉ ጡሩንባ ይነፋበታል።

"እሷ ምን አደረገች መሰለሽ? ጄሪካኑን አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች…"

በዚህ ጊዜ ከመንገድ የሚጠብቁት ሳሉጎች አፏጩ። አባቴ ጎማዋን ቶሎ ቶሎ አዞረ። "ነገ እጨርስልሻለሁ" ብሎኝ ሮጠ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ መጣች። ከስታለች፤ አያቴ ግን በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች። አቅፋኝ እጇ ጥቅሌ ላይ ሲያርፍ ቆም አለች። "ማን ነው?" አለችኝ። "አባ ነው" ስላት አፏን በነጠላዋ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳቀች። ያን ቀን ከጉያዋ አልወጣሁም።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዴ ዓይኔን እያሸሁ ወጣሁ። አባቴ በርጩማውን አስቀምጦ፣ ሚዶውን ውሃ ነክሮ ቆሟል። እናቴም ከኋላዬ ወጥታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ከፈት አድርጋ፣ "ነይ የእኔ እመቤት" አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ የናፈቅሁት ጉልበት ነው። ግን መካከል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።

አባቴ ገላገለኝ። ሚዶውን ለእናቴ እያቀበለ፣ "ከጫፉ ጀምሪላት፣ እንዳያማት" አላት።

"ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ?" ብላ ሳቀች። እሱም ፈገግ ብሎ ወደ ትራክተሩ ሄደ። የእናቴ ጣቶች ፈጣን ናቸው፤ ፀሐይዋ ሳትወጣ ተጠናቀቀ። ያማረ ነበር፤ አንድም የወጣ ፀጉር አልነበረውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ "ጄሪካኑን አስቀምጠሽ ምን አደረግሽ?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። "የምን ጄሪካን?" አለችኝ። አባቴንም ራት ላይ ጠየቅሁት። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ፈገግ አለ፤ ወደ እናቴ ሰረቅ አድርጎ አየና፣ "አዬ፣ ቆየ እኮ" ብሎ ውሃውን አንሥቶ ጠጣ።