የሚስቴ እጅ ልክ

በጦርነቱ ተዘግቶ የቆየው መንገድ ሲከፈት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ለመመለስ ተነሣሁ። ስንጋባ ያልገዛሁላትን የወርቅ ሰዓት እዚያ ለቀረችው ባለቤቴ ልውሰድላት ብዬ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ብዙ ካማረጥኩ በኋላ ዙሪያው የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ።

«የባለቤትዎን የእጅ ልክ ያውቁታል? ሰንሰለቱን ላሳጥርልዎት እችላለሁ» አለችኝ ሻጯ።

«የሚስቴ እጅ ይጠፋኛል እንዴ? ሞላ ያለ ነው፤ እንዳለ ስጪኝ» አልኳት።

ቤት ደርሼ አጠለቅኩላት። እጇን ቀና ስታደርግ ሰዓቱ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ነው ክንዷን በደንብ ያየሁት፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ስልክ እንደተከፈተ ደውላ «ደህና ነን» ስትለኝ፣ ምን በልታችሁ ከረማችሁ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

«ሰዓቱ ቆንጆ ነው እኮ፤ ይጠባል» አለችኝ።

በማግስቱ ገበያ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ሄድን። ሰውየው ሰንሰለቱን እያየ፣ «ይሄ የተገዛው ለማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሷ ቀድማኝ፣ «ለእኔው ነው፤ ወፍሬ እንድሞላው ብሎ ነው» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።