የወፍ ጉንፋን ዘር ስንቆጥር

ቡራዩ በሚገኘው ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ ያስያዙኝ ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ አንዲት በጣም የተቆጣች ነጭ ዶሮ ነበረች። አለቃችን ዶክተር ግርማ «ያዣት» አሉኝ። ያዝኳት። ክንፏን አስለቅቃ ፊቴን በጥፊ መታችኝ። «እንደዚህ ከያዝሻት መርማሪዋ እሷ፣ ተመርማሪዋ አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁና ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ሰጡኝ።

አንዱ ጥጥ ለጉሮሮ፣ ሌላው ከጅራት ሥር። ጥጡ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ብልቃጡ ላይ ቀንና ቦታ ይጻፋል፣ ከዚያ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ስድስት ብልቃጥ ሞላሁ። አምስቱ ላይ ቦታውን መጻፍ ረስቼ ስለነበር ዶክተር ግርማ ዓይኔ እያየ አምስቱም እንዲወገዱ አደረጉ። በንዴት ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ያኔ ጀማሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ዛሬ ከፍተኛ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ጡረታዬም ደርሷል። ገበሬዎቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ። አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

ሥራችን የወፍ ጉንፋን ቫይረስን መከታተል ነው። ናሙናው ውስጥ ቫይረስ ከተገኘ የዘር ፊደሎቹን በመሣሪያ እናነባለን፤ ከዚያም ቀደም ሲል ካነበብናቸው ጋር ጎን ለጎን እናስተያያለን። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስህተቱ ደግሞ ለልጁም ለልጅ ልጁም ይተላለፋል። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ሁለት ተማሪዎች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከጻፉ ተኮራርጀዋል። እኛም በስህተቱ ማን ከማን እንደመጣ እንለይና የዘር ሐረግ እንስላለን። ገበሬዎቹን «ዘሩን እየቆጠርን ነው» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ዘር መቁጠር የማያውቅ ማን አለ?

በፊት በፊት ናሙናው ውጭ አገር ነበር የሚላከው። ውጤቱ ሲመጣ ዶሮዋ ተበልታ፣ አጥንቷም ተረስቶ ነው። ኋላ ላይ መሣሪያው ለእኛም መጣልንና በቀናት ውስጥ ማንበብ ጀመርን። ለእኔ ግን ይሄ ዕረፍት አላመጣልኝም። ቫይረሱ ዛሬ ያነበብከውን ነገ ቀይሮ ይጠብቅሃል። የዛሬው ዶሮን ብዙም የማይገድል፣ እንቁላል ብቻ የሚያስቀር ይሆንና ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ሰርግ ቤት እንኳ ዶሮ ወጥ ሲቀርብልኝ ዶሮዋ ከየት ገበያ እንደተገዛች እጠይቃለሁ። ሰበታ የምትኖረው እህቴ ብርቄ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ በጋ ሱሉልታ ውስጥ፣ ውኃ በተኛበት ሜዳ ዳር፣ አዴ በዳቱ የሚባሉ ባልቴት ዶሮዎቻቸው መጣል እንዳቆሙና እንደሚያስሉ ተነገረን። ሜዳው በበጋ ከሩቅ አገር በሚመጡ ዳክዬዎች ይሞላል፤ የግቢው ዶሮዎችም ከዚያው ውኃ ነው የሚጠጡት። ሄድኩ። አዴ በዳቱ «ፈንግል ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል» አሉኝ። እዚህ አካባቢ ዶሮ ከታመመ በሽታው ሁሉ ፈንግል ነው። ሁሉንም ዶሮዎች አንድ በአንድ ይዤ ናሙና ወሰድኩ።

ልወጣ ስል አንዲት ገብስማ ዶሮ እግሯን አስረው አመጡልኝ።

«እማማ፣ አልችልም። ሥራዬ አይፈቅድልኝም።»

«ፀሐይ ላይ ስትንከራተቺ ውለሽ ባዶ እጅሽን ከቤቴ አትወጪም።»

«ውጤቱ ይምጣና ያኔ እወስዳለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ዶሮዬን ተጸየፍሻት? ይቺ እኮ አላሳለችም። ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ አታሳፍሪኝ።»

ናሙና ከተወሰደበት ግቢ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ላባ እንኳ አይወጣም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በር ላይ የለጠፍኩትም እኔው። ግን የአንዲት ባልቴትን ስጦታ መመለስ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ተቀበልኩ። ዶሮዋን በካርቶን አድርጌ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጥኳት። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ በማግስቱ ሰበታ ወሰድኳትና ለብርቄ በርቢ ሰጠኋት፤ እሷ ታሳድጋለች፣ ጫጩቶቹን እንካፈላለን።

ከሳምንት በኋላ የአዴ በዳቱ ናሙና ቫይረስ ተገኘበት። ወዲያው ብርቄ ጋ ደወልኩ።

«ዶሮዋ እንዴት ናት?»

«መጣል ጀመረች እኮ! ምነው?»

«ምንም፤ ዝም ብዬ ነው» አልኳት። ቫይረስ ያለባት ዶሮ ጤነኛ ልትመስል እንደምትችል ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። ለራሴ ሲሆን ግን ትምህርቱ ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ባልደረቦቼ ከሰበታ ናሙና ይዘው መጡ። አነበብነው። ከአዴ በዳቱ ቫይረስ ጋር በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው። መዝገቡ ላይ የባለቤቱን ስም አየሁ፤ ከብርቄ ጋር በአጥር የሚዋሰነው ጎረቤት ነው።

ዶክተር ግርማ ሐረጉን አይተው «ዳክዬ አይደለም» አሉ። «በዳክዬ ቢሆን መሀል ላይ ብዙ ስህተት ይኖር ነበር። ይሄ በሰው እጅ ነው የተጓዘው። ከሱሉልታ እንቁላል የሚያመላልሰው ማን ነው?»

ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ኦቦ ድንሳ። ከሱሉልታ እንቁላል ሰብስበው በሞተር ቡራዩ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው። ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። «እንቁላል ማስቀመጫውን ማየት ያስፈልጋል» አልኩ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ድንሳ ከሥራ እንዲታገዱ ከእኛ ደብዳቤ ወጣ።

በስምንተኛው ቀን ኦቦ ድንሳ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አካም ጂርታ፣ ዶክተር? በሽታውን ሰበታ ያደረስከው አንተ ነህ አሉኝ። እኔ ሰበታን ከረገጥኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ዋቃ ያውቃል። እንቁላል የሚሸጡልኝ ሴቶች በር መክፈት ትተዋል። እስቲ ያን ሥዕል የምትሉትን አሳዪኝ። እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

አስገባኋቸውና ሐረጉን በኮምፒውተር አሳየኋቸው። ቅርንጫፎቹን በጣታቸው እየተከተሉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እርስዎ እዚህ ላይ የሉም» አልኳቸው። «ሰው አይታይበትም፤ ቫይረሱ ብቻ ነው።»

«ሰው ካልታየበት ታዲያ እኔን በምን አያችሁኝ?»

ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ስዞር፣ የታጠበ ዕቃ መልሼ ሳጥብ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ግርማ ቢሮ ገባሁ። «ዶክተር፣ የኦቦ ድንሳ እገዳ መነሳት አለበት። ቫይረሱን ሰበታ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በምን?»

«በዶሮ። አዴ በዳቱ የሰጡኝን ለእህቴ ወሰድኩላት። በእኛው መኪና፣ በካርቶን።»

«ለምን ተቀበልሽ?»

«ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።»

«አሁንስ ደስ አላቸው?» አሉኝ።

በዚያኑ ቀን ከቡድኑ ጋር ብርቄ ቤት ሄድን። ሙሉ መከላከያ ልብስ ለብሼ ስገባ መጀመሪያ አላወቀችኝም። ሁሉንም ነገርኳት። ገብስማዋን ይዤ ናሙና ስወስድ፣ ከደሟም ስቀዳ አጠገቤ ቆማ ታያለች። በኋላ ውጤቱ በሽታው እንደያዛት አረጋገጠ። የብርቄም የጎረቤቷም ዶሮዎች በሙሉ ተወገዱ።

ያን ዕለት፣ ሁሉንም ስነግራት፣ ብርቄ አላለቀሰችም። «መቼ ነው ያወቅሽው?» ብቻ አለችኝ።

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው።»

«ዘጠኝ ቀን» አለች። «እኔ እኮ ከአምስት ቀን በፊት ሁለት ዶሮ ለጓደኛዬ በርቢ ሰጥቻለሁ። አለም ገና ነው ያሉት።»

አለም ገናም ሄድን። ቫይረሱ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ሴትየዋ ልጆቿን የምታስተምረው በሃያ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበር፤ ሁሉንም አጣች። ስሜን እንኳ አታውቅም፤ ከመጡት ሠራተኞች አንዷ መስዬአታለሁ። ነገርኳት። ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችብኝ።

አንድ ዓመት ከመስክ ሥራ ታገድኩ፤ ብልቃጥ ሳጥብና ስም ስጽፍ ከረምኩ። ተገቢ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሱሉልታ እሄድ ነበር። ከኦቦ ድንሳ ጋር በየደንበኞቻቸው ቤት እየዞርኩ «በሽታውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ንጹሕ ናቸው» እያልኩ እናገር ነበር። ግማሾቹ ሴቶች ተመለሱላቸው። ግማሾቹ አልተመለሱም። አዴ በዳቱ ዶሮ በመስጠታቸው ሰው መጎዳቱን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላቸውም አልተጽናኑም። ብርቄ ስልኬን ማንሳት የጀመረችው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። መመሪያ ትጥሳላችሁ፤ ሁላችንም እንጥሳለን፣ የሰው ፊት ያሸንፈናል። ስትጠረጥሩ ግን በዚያው ቀን ተናገሩ። የዘር ሐረጉ ቫይረሱ ከየት ወደ የት እንደሄደ ያሳያል። ሠራተኛው ስንት ቀን ዝም እንዳለ አያሳይም። እኔ ስጠራጠር ሦስት ሳምንት፣ ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ዝም ብያለሁ፤ በሽታው የአለም ገናዋ ሴት ዶሮዎች ጋ የደረሰው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ነው።