በራሱ ተኮሰ የተባለው ሽጉጥ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሻምበል ወርቁ አስቀድመው ያዩት ጥፍሬን ነበር። የፖሊስ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። «ቁረጪው፤ ሞላ ሲፈናጠር ጥፍር ይዞ ይሄዳል» ብለው መቀስ ሰጡኝ። ከዚያ ዝገት የበላው ጠመንጃ ከጆንያ አውጥተው ፊቴ ደረደሩ። ያን ቀን በናፍጣ ስወለውል ዋልኩ። ቤት ስገባ እናቴ የናፍጣው ሽታ አላስቀምጥ ብሏት ልብሴን በረንዳ ላይ አሰጣችው።

በዚያ ግምጃ ቤት ከረዳትነት ተነስቼ እስከ ሳጅንነት ደረስኩ። የላላ ሞላ እቀይራለሁ፤ ጥይት ነክሶ የቆመ መሣሪያ አላቅቃለሁ። አንዳንዴ የምርመራ ክፍል «ይህ ጠመንጃ ሳይነኩት ሊተኩስ ይችላል ወይ?» ብሎ ይልክልናል። ፈትቼ አይቼ መልስ እሰጣለሁ። መልሴ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር። ለማወቅም አልፈለግኩም።

ጡረታ ስወጣ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ የጥበቃ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ ሻለቃ ገዙ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ለገንዘብ ጠንቃቃ። ድርጅቱ የሚገዛውን መሣሪያ እመረምራለሁ። ፈቃድ ያላቸው ደንበኞችም ሽጉጣቸውን እያመጡ ያሳዩኛል።

አንድ ጠዋት ሻለቃ ካርቶን ይዘው ገቡ።

«ሳጅን፣ ይኼን እዪልኝ። የቱርክ ሥሪት ነው። ዋጋው ከለመድናቸው በግማሽ ያንሳል፤ ደግሞ እጀታው ሳይቀር ብረት ነው። ለጥበቃ ልጆቹ ልግዛ?»

ፈታሁት። ርካሽነቱ የት እንዳለ ወዲያው ታየኝ። ውስጡ ላይ የሞረዱ ጭረት አልጠፋም፤ ጥቁሩ ቅብ ስስ ነው፤ የካዝናው አፍ ስል ስለሆነ ጥይት ስትሞላበት አውራ ጣትህን ይልጥሃል። አፈሙዙ ግን ቀጥ ያለና ንጹሕ ነበር፤ የላይኛው ብረት በታችኛው ላይ ሲንሸራተት አይወላገድም። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። በመጀመሪያው ካዝና አንዴ ነከሰ። የካዝናውን አፍ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሞከርኩት፤ ከዚያ በኋላ የተለያየ ጥይት ባጎርሰውም አላስቸገረኝም። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ሲተኮስ እጅ ላይ አይዘልም። ኢላማው ላይ ጥይቶቹ ተጠጋግተው አረፉ።

«ለኢላማ ጥሩ ነው» አልኳቸው ለሻለቃ። «ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ጥበቃ ግን ይከብዳል። እስከ ከሰዓት ወገቡን ይቆርጠዋል።»

ሻለቃ ሳቁ፤ አልገዙም። ካርቶኑ ያመጣው ነጋዴ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ እኔ ክፍል ቀረ።

ጋሽ መሐሪ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የአውሮፕላን ጥገና ጡረተኛ ናቸው፤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ በፎቆች መካከል በቀረች አሮጌ ቪላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው አርፈዋል። አንድ ልጃቸው ፍሬሕይወት ከትንሿ ልጇ ከማክዳ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ጎረቤታቸው ቤት ሌባ በቀን ገብቶ ዘበኛውን ደብድቦ ስለሄደ የሽጉጥ ፈቃድ አውጥተዋል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን አዩና አነሱት። የላይኛውን ብረት ወደኋላ ሳቡ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት።

«ፕላስቲክ አላምንም» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ነው ያሳደረኝ። ይኼ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው። በጡረታ የሚኖር ሰው የሚችለው ነበር።

«ለልምምድም ለቤትም ይሆነኛል?»

«ሽጉጡ ጤነኛ ነው» አልኩ። ከዚያ አሠራሩን አሳየኋቸው። ጥይቱን የሚመታው መምቻ ወደፊት ተኝቶ ከሆነ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ሰው ሳያስብ አይስበውም። መምቻውን በአውራ ጣት ወደኋላ ከሳቡት ግን ምላጩ ይለሰልሳል፤ ትንሽ ሲነኩት ይለቃል። «ቤት ውስጥ መምቻውን አይሳቡ። ጣትዎንም ኢላማውን እስኪያዩ ምላጭ ላይ አያድርጉ።» ያልኳቸውን ደግመው ነገሩኝ፤ እንደ ጥሩ መካኒክ አንድም ቃል ሳይጥሉ።

ሽጉጡን ከነጋዴው ከገዙት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ እንገናኝ ጀመር። እኔ የድርጅቱን ልጆች አሠለጥናለሁ፤ እሳቸው ዳር ላይ ቀስ ብለው ይተኩሳሉ። ሽጉጡን ከእኔ አስበልጠው ያውቁት ነበር። የውስጡን ጭረት በእጃቸው አለስልሰው፣ የእጀታውን እንጨት ከወይራ ራሳቸው ጠርበው ገጠሙለት። ተኩሰው ሲጨርሱ ሻይ እየጠጣን ስለ ሞተር፣ ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ማክዳ ያወሩኛል። «ሥዕል ትሥላለች፤ እኔን ሁልጊዜ ከቤቱ አስረዝማ ነው የምትሥለኝ» ይሉና ይስቃሉ። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ከሰው ጋር ተቀምጬ ስቄ አላውቅም። የሥራ ዘመኔ ጥሩ ቅዳሜዎች እነዚያ ነበሩ።

አንዳንዴ ብቻ ንግግራቸው ያሳስበኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«ምነው ጋሽ መሐሪ፣ አልተኙም?»

«በሩ ይጮኻል። ተነስቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። ድሮ ሽጉጥ ሳይኖረኝ እኮ ይኼንን ድምፅ አልሰማውም ነበር።»

«ሽጉጡን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«አጠገቤ» አሉና ወሬ ቀየሩ።

ክረምት ገባ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ነበር፤ ቦሌ አካባቢ መብራት ጠፍቷል። ፍሬሕይወት አባቷ ስልክ አላነሳ ቢሏት ሰጋች። ስልካቸው ቻርጅ ጨርሶ ኖሯል። ምግብ ቋጥራ፣ ማክዳን ይዛ፣ ታክሲ ቀያይራ መጣች። የጓሮው በር ቁልፍ ስላላት በዚያ ገቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸው አልተሰማም። ማክዳ አያቷን ልታስደነግጥ በጨለማው ኮሪደር ቀድማ ሮጠች።

ጋሽ መሐሪ ተኮሱ።

ጥይቱ ከልጅቷ ራስ በላይ የበሩን መቃን በስቶ ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ማንም አልተጎዳም። ማክዳ ግን ለቀናት በአንድ ጆሮዋ አልሰማችም፤ ከዚያም አልፎ መናገር አቁማ ሰነበተች። ፖሊስ መጥቶ ቃል ተቀበለ። ፈቃድ ስላላቸውና ልጃቸውም ክስ ስላልመሠረተች ሽጉጡ ከሳምንታት በኋላ ከማስጠንቀቂያ ጋር ተመለሰላቸው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት እሳቸው ቢሮዬ ሲመጡ ነው። ሽጉጡን በብስኩት ጣሳ ይዘው ነበር። ከስተዋል። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«በራሱ ነው የተኮሰ» አሉኝ። «ለፍሬም እንዲህ ነው ያልኳት። ምላጩን አልነካሁትም ሳጅን። ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሆነ ነገሩ ተበልቶ ይሆናል። እዪልኝ።»

«አያለሁ» አልኩ። ስህተት እንዳገኝ የዚያን ያህል ተመኝቼ መሣሪያ ፈትቼ አላውቅም።

የመምቻውን መያዣ ጥርስ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ጠርዙ እንደተሳለ ነው። ጥይቱን አውጥቼ፣ ባሩድ የሌለውን ቀለህ ብቻ አጉርሼ፣ መምቻውን ሳብኩና ሽጉጡን የጎማ ምንጣፍ ላይ ጣልኩት። በጎኑ፣ በአፈሙዙ፣ በእጀታው። የኋላውን በእንጨት መዶሻ መታሁት። አልለቀቀም። በማግሥቱ ደገምኩት። ምላጩ በምን ያህል ኃይል እንደሚሳብ ለካሁ፤ መጀመሪያ የመረመርኩት ጊዜ እንደነበረው ነው። እሳቸው ያለሰለሱትም ቦታ ከምላጩ ጋር የሚገናኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ከፋብሪካው የተሻለ ሥራ ነው። ሽጉጡ ሳይነኩት የሚተኩስበት ምንም መንገድ አልነበረውም። በጨለማው መምቻውን ስበዋል፤ በድንጋጤ ጣታቸው ምላጩን ነክቷል።

ሲመለሱ ነገርኳቸው።

«ጋሽ መሐሪ፣ ሽጉጡ ጤነኛ ነው።»

«እሱ ጤነኛ ከሆነ እኔ ምን ልሁን?» አሉ።

«ደንግጠዋል። በድንጋጤ ሰው የገዛ ጣቱን አያውቅም። የዋሹ አይመስለኝም።»

«እንግዲያ ለፍሬ ብረቱ ነው በያት። አንድ ቃል ናት። ማንን ትጎዳለች? ልጅቷን እንደ ድሮው ታመጣልኛለች፣ አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኼንን ጥዬ ደህናውን እገዛለሁ።»

እዚያ ላይ ነው የከበደኝ። ደህናውን ገዝተው ያው አልጋ አጠገብ ያስቀምጡታል። ማክዳም በዚያው ኮሪደር ትሮጣለች።

«አልችልም» አልኩ። «በሌላ በፈለጉት ይዘዙኝ።»

ጣሳውን አንስተው ወጡ። ተከትያቸው እስከ ደረጃው ሄድኩ፤ ዞር ብለው አላዩኝም።

ፍሬሕይወት በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ የቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ቃል ትመርጣለች።

«ሳጅን፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው። አባዬ እርስዎ ሽጉጡን መርምረውታል ብሎኛል፤ ውጤቱን ግን አይነግረኝም። እውነት በራሱ ነው የተኮሰው?»

«የብረት ጉድለት አላገኘሁበትም፣ ልጄ።»

«ዋሽቶኛል ማለት ነው?»

«አይደለም። የነገሩሽን ራሳቸው አምነውት ነው። እጃቸው ምን እንዳደረገ አያውቁም።»

መስመሩ ላይ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ከዚያ «ይኼማ ይብሳል» አለች። «ሽጉጡ ቢሆን ኖሮ ይጣላል። አባቴን ምን አደርገዋለሁ?»

መሣሪያ ሲሆን መለዋወጫ አለው፤ የትኛውን ቀይሬ የትኛውን እንደማስቀር አውቃለሁ። እሷ የጠየቀችኝን ማንም አላስተማረኝም።

ጋሽ መሐሪ ሌላ ሽጉጥ አልገዙም። ያንንም ለፖሊስ አስረክበው ፈቃዳቸውን መለሱ። ፍሬሕይወት ግን ማክዳን ወደ ቪላው አላመጣቻትም። አሁን እሑድ እሑድ እሳቸው ናቸው በታክሲ እስከ የካ አባዶ የሚሄዱት። ፍሬሕይወት አንዴ ደውላ እንደነገረችኝ፣ ማክዳ ትስማቸዋለች፣ ታጫውታቸዋለችም። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሆነ ቤት በር ሲላተም ግን ልጅቷ ወደ እናቷ ትሮጣለች፤ እሳቸውም ጫማቸውን እያዩ ይቀመጣሉ።

ሜዳው ላይ ዳግም አልመጡም። ባለፈው ዓመት መድኃኔዓለም ደጅ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላቸውን አስተካክለው በአክብሮት ሰላም አሉኝ።

«ጠፉብኝ ጋሽ መሐሪ» አልኩ።

«ሥራሽን ነው የሠራሽው፣ ሳጅን። ቂም የለኝም» አሉ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ግን አንቺን ሳይ ያ ኮሪደር ይመጣብኛል።»

መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። እኔም ሌላ ጊዜ ባየኋቸው ቁጥር ቀድሜ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ይቆጨኛል። የሰጠሁትን መልስ ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ፤ ሰውዬውን ግን አጣሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ሰው «ለቤት ይሆነኛል?» ብሎ ሽጉጥ ይዞ ሲመጣ እኔ አሁን ከሽጉጡ በፊት ስለ ቤቱ እጠይቃለሁ፤ ቁልፍ ያለው ማን ነው፣ ሕፃን ይመጣል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ በምን ያያሉ፣ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ቦታ አለ ወይ። ብዙዎች አይወዱትም፤ አንዳንዶቹ ተቆጥተው ይወጣሉ። ሻለቃ ገዙም ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ ይሉኛል። ሽጉጡን የምፈታው መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው። መልሱ ካልጣመኝ ሽጉጡ ጥሩ ቢሆንም አይሆንም እላለሁ።