ያልተቆጠሩት አምስት ቀናት

ገላን ኮንዶሚኒየም ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት፣ ማለዳ ላይ ከብሎካችን ሥር ያለው ፓምፕ መጀመሪያ ያጓራል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ መምታት ይጀምራል። ያን ጊዜ የልጄን ቁርስ እየሠራሁ ከሆነ እጄ ባለበት ይቀራል። ያ ድምፅ አቃቂ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ወደነበረችው ሁለት ክፍል ቤታችን፣ በአራት ዓመት ወደምትበልጠኝ እህቴ ወደ ሰናይት ደረት ይመልሰኛል።

አባባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበር። በጋ በሆነ ጊዜ እሁድ እሁድ ይዞን ይሄድና ከፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ሥር ያስቀምጠን ነበር። እሱ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ያዳምጥና፣ ያዳመጠውን ጥግ ጥጉ በቅባት በጠቆረ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሰናይት አሥራ ሦስት። ትንሽ ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር አብራኝ አትሯሯጥም፤ ቁጭ ብላ በምላሷ ታባርረኝ ነበር።

ትንሽ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ አሟት፣ «ቶንሲል ነው፣ ይለቃታል» ተብሎ ታልፎ፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን ሄዶ ልቧ ላይ ወጣ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ ያስረዳውን አባባ ለእኛ አፈሩ ላይ በጣቱ ሣለልን፤ አራት ክፍል ያለው ቤት።

«ልብ ማለት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፓምፖች ናቸው» አለ። «የቀኙ ሰውነት ዞሮ የደከመውን ደም ከደም መልስ ይቀበልና ወደ ሳንባ ይገፋዋል። ደሙ እዚያ አየር ይዞ ወደ ግራው ይመጣል። ግራው ጉልበተኛ ነው፤ በደም ቅዳ አድርጎ እስከ እግር ጣትሽ ይሰደዋል።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ይመለሳል። የእኔ ውሃ ፈሶ ይቀራል፤ ደም ግን ያው ራሱ ነው፣ ሲዞር የሚኖር።»

በየክፍሉ መሃል ወደ ፊት ብቻ የሚከፈት በር እንዳለ ነገረን፤ የሰናይት የግራው በር ገጥሞ ስለማይዘጋ፣ ልቧ ደሙን በገፋ ቁጥር ጥቂቱ ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ልቧም አንዱን ሥራ ሁለቴ ይሠራል።

«ታዲያ ትርፍ ሰዓት ይታሰብለት» አለች ሰናይት።

አባባ ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን ያረጀ ቫልቭ ፈትቶ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሲቀይር አይቼው ስለነበር፣ የእሷንስ ለምን አይቀይርም ብዬ ጠየቅሁት። ሳቁ ጠፋ። የሰው በር መቀየር ከእኛ አቅም የራቀ ነገር እንደሆነ፣ ለጊዜው ማድረግ የሚቻለው እንዳይብስ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፤ ያ ማለት ጉሮሮዋ ዳግም እንዳይታመም የሚወጋ መርፌ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «በየሃያ ስምንት ቀኑ አምጧት» ብላ ነበር። እማዬ «ያው በየወሩ ማለት አይደል፤ በአቦ ቀን እናድርገው፣ እንዳንረሳው» አለች። አባባም ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ የተሰጠንን ካላንደር አውርዶ የየወሩን አምስተኛ ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበበ። እንዲህ ሆኖ ወር በገባ በአምስት እማዬ ሳሪስ አቦን ተሳልማ ስትመለስ፣ ሰናይትን ወደ መርፌው ትወስዳት ነበር። መርፌው ወፍራም ነው፤ እህቴ እያነከሰች ትመጣና አልጋ ላይ በደረቷ ተደፍታ ሁላችንንም እንደ ንግሥት ታዘን ነበር። አንድም ወር አልዘለልንም። ይህን ደግሜ መናገር የምፈልገው ሰነፎች ስላልነበርን ነው።

ክረምት ሲገባ የአቃቂ ወንዝ ይሞላል፣ ሰፈራችን በጭቃ ይያዛል፣ እኛም አንድ ብርድ ልብስ ሥር ተጠቅልለን እንውል ነበር። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አሳርፌ አዳምጣት ነበር። የእኔ ልብ ዱብ ዱብ ሲል፣ የእሷ ከዱቡ ቀጥሎ ሽው የሚል ነገር ነበረው። ሽውታው ያመለጠው ደም እንደሆነ አውቅ ነበር፤ «ተመለስ» እለው ነበር፣ በሹክሹክታ።

ነሐሴ አምስት ተወጋች። ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜን ገባች። ጳጉሜን በካላንደሩ ላይ ከነሐሴ ገጽ ግርጌ በደቃቃ ቁጥር የታተመች ነበረች፤ ቀይ ክብ አልነበረባትም። አባባ ራሱ «ደመወዝ የሌላት ወር፣ ምኑን ወር ሆነች» እያለ ይቀልድባት ነበር። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ጣለ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወጡ፤ እማዬም በረከት ነው ብላ ፈቀደችልንና፣ እኔና ሰናይት ግቢው መሃል ቆመን ፊታችንን ወደ ሰማይ አንጋጠን «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን ታጠብን። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጉሮሮዬን አለች። መስከረም አምስት፣ በቀኗ፣ መርፌዋን ተወጋች፤ ጉሮሮዋም ተሽሏት ስለነበር ማንም አልደነገጠም። የመስቀል ሰሞን ግን ጉልበቷ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት፣ ደረጃ መውጣት አቃታት። ትልቁ ሆስፒታል ያየን ሐኪም ከመጨረሻው በፊት ያለው መርፌ መቼ እንደነበር ጠየቀ። እማዬ ነገረችው። በጣቶቹ ቆጠረ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ቆጠረ።

«ሠላሳ አምስት ቀን» አለ። «ጳጉሜንን ረስታችኋታል።»

ቁጣ አልነበረበትም። እማዬ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሐኪሙ ምክንያቱ ዝናቡ እንዳልሆነ፣ ጉሮሮ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕመም እንደሆነ፣ የመድኃኒቱ ጉልበት ግን ከአራት ሳምንት በላይ እንደማይታመን አስረዳን። ሃያ ስምንተኛው ቀን ያ የታጠብንበት የሩፋኤል ዕለት ነበር።

በሩ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ መዝጋት አቃተው። ደሙ ወደ ኋላ እየቀረ ሳንባዋ ውሃ አዘለ፣ እግሯ አበጠ፤ ጋደም ስትል ስለምትታፈን ትራስ ተደርድሮላት ተቀምጣ ታንቀላፋ ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ ዱቡ ጠፍቶ ሽውታው ብቻ ይሰማኝ ጀመር። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉሯን እማዬ እየሠራችላት ሳለ ራሷን ወደ ጎን ጣል አደረገች። ግማሹ ተሠርቶ ነበር።

አባባ ከሐዘኑ ተነሥቶ ሥራ የገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጾሙ እንደገባ አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ፣ ፓምፑ እየመታ፣ እሱ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ስቆም ገጹን ወደ እኔ አዞረልኝ። ጳጉሜን አንድ፣ ጳጉሜን ሁለት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ሁሉም በእጅ ጽሑፉ ተጽፈዋል። ጳጉሜን ሁለት ላይ «ሃያ ስምንት ቀን ሞላ፣ ግራሶ ተቀብቷል» ይላል።

«ለሞተሩ ቆጥሬለት ነበር» አለኝ።

ምሳውን አስቀምጬ መውጣቴ ትዝ ይለኛል፤ ማቀፍ ነበረብኝ፣ ግን አላወቅሁበትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን እማዬ የለችም፤ አባባ ከእኔ ጋር ይኖራል። ልጄ ጉሮሮዬን ካለች ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ቀጠሮ ከሰጣት ቀኑን ስልኬ ያስታውሰኛል፣ ስልክ ደግሞ ደመወዝ ያላትንና የሌላትን ወር አይለይም። በሩፋኤል ዝናብ ስትታጠብ ግን አልከለክላትም፤ ልጆቹ ታች ሲጮኹ መስኮቱን እከፍትላታለሁ፣ ሮጣ ትወርዳለች፣ ሮጣም ትመጣለች፣ ትንፋሽ አያጥራትም። አባባ ለራሱ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል። ዓመቱን ሙሉ እኔ ነኝ የማቀብለው፤ ጳጉሜን ስትገባ ግን ብልቃጡን ከእጄ ይወስድና፣ ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ቀኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። አምስቱንም ቀን እንዲሁ ያደርጋል፤ እኔም ጠርቶ እስኪጨርስ ውሃውን ይዤ እጠብቀዋለሁ።