መብራት የለም ብዬ ያልነቀልኩት ሶኬት

ዛሬ አማቴን ልገድላቸው ነበር።

የኢንተርኔቱ ራውተር፣ ስዊቹና ገመዱ ሁሉ ወለል ላይ ተዝረክርኮ ቢሰለቸኝ፣ ከአሮጌ የአልጋ ብረት መደርደሪያ ሠራሁለት። ነቀምቴ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም የተሰኩበትን ዲቫይደር ከግድግዳው ሳልነቅል ብረቱ ላይ በብሎን አጠበቅኩት። አንዱ ብሎን የዲቫይደሩን ሽቦ እንደበሳው አላየሁም።

ቴስተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። መብራት ከሌለ ምኑን እፈትሻለሁ?

አማቴ አዴ ጫልቱ ሊጠይቁን ከጉቴ መጥተዋል። እሳቸው ደግሞ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አይወዱም። ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም ያለበሱልን እሳቸው ናቸው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ራቁቱን ሊቆም ነው?" አሉና፣ የታጠቡትን እጅ እንኳ ሳያደርቁ ዳንቴል ይዘው መጡ።

ብረቱን ያዝ እንዳደረጉ መብራት መጣ።

ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ሰማሁ። የእሳቸው ድምፅ ግን አልወጣም። እጃቸው ከብረቱ አልላቀቅ ብሎ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ፈጦ ቀረ። ሶኬቱን እንዴት መንጭቄ እንደነቀልኩት አላውቅም።

መሬት ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ መጀመሪያ ያሉት፣ "ዲፋማ ኢልማ ኮ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ?" ነው።

እሳቸው እኮ ናቸው ይቅርታ የጠየቁኝ!

ሐኪም አይቷቸዋል፤ ደህና ናቸው። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ መብራት መጥፋቱን እንደ ማጥፊያ ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

እናንተስ "መብራት የለም" ብላችሁ ሳትነቅሉ ምን ነካክታችኋል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም በሉኝ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ተነሱና ንቀሉት።