ጋሽ ምትኩ አትግዢው ያሉኝ ሌንስ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጋሽ ምትኩን አልወዳቸውም ነበር። ዛሬም አልወዳቸውም። ይህን ለመጻፍ ሰልስታቸው እስኪወጣ ጠብቄያለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ትዕግሥት የለኝም።

ያለፈው ሰኞ ጠዋት ነው። ነሐሴ እንደ ልማዱ ያለ ርኅራኄ ያዘንባል። ፎቶ ቤቴን ከፍቼ ደጃፉ ላይ የተኛውን ውሃ በመጥረጊያ እየገፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አስቱ፣ ፅዮን ነኝ። የጋሽ ምትኩ ልጅ» አለች። ድምጿ ተዘግቷል። «አባዬ አረፈ።»

«ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናችሁ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? አሥራ ስድስት ዓመት ያልተነጋገርኩት ሰው ነው።

«ቤቱን ሙሉ አገላበጥነው፣ አንድ ደህና ፎቶ የለውም። መታወቂያው ላይ ያለው ፊቱ ጠፍቷል። ድንኳኑ ውስጥ የምናስቀምጠው ነገር አጣን። አብረሽው ሠርተሻልና ምናልባት ካለሽ ብዬ ነው።»

ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልካቸውን የፒያሳን ሰው ሲያነሱ የኖሩ ሰው ለራሳቸው አንድ ፎቶ የላቸውም። እኔ ግን አንድ ነበረኝ። «ልፈልግና ልደውልልሽ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። መፈለግ አያስፈልገኝም ነበር፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከጎረቤት ካፌ ማኪያቶ አዝዤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ልስጣት ወይስ አልስጣት እያልኩ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእሪ በከንቱ ዳገቱን በየጠዋቱ እየወጣሁ ፒያሳ ጋሽ ምትኩ ስቱዲዮ እገባለሁ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ማንሳት፣ መቁረጥ፣ በፖስታ መክተት። ስቱዲዮው ጠባብ ነው፤ ሁለት ትልልቅ አምፖሎች፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ በርጩማ። ያንን ቤት የሞሉት ግን ዕቃዎቹ አልነበሩም፤ የጋሽ ምትኩ ቁጣ ነው። ደንበኛ ፈገግ ካለ «ጥርስህን ሰብስብ፤ ፈገግታ ለሠርግ ነው፣ ይሄ ለፓስፖርት ነው» ይሉታል። ቄስም ሆነ ሹም አይምሩም። ሰውም ተሰድቦ፣ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል፤ እጃቸው እውነትም ወርቅ ነበራ።

እኔን ደግሞ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አንቺ ልጅ» ነኝ። ጉርዱን ትንሽ አጣምሜ ከቆረጥኩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጎመን ነው እንዴ የምትቀረድጂው?» ይላሉ፤ ያውም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ስንት ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጥቻለሁ።

ከዚያ ቤት የምወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ የራሴ ዲጂታል ካሜራ። ሦስት ዓመት ምሳዬን በቦምቦሊኖና በሻይ እያለፍኩ ዕቁብ ጣልኩ። ዕጣው ሲወጣልኝ ብሩ ለአንድ ያገለገለ ካሜራና ለአንድ ሌንስ ይበቃል፤ ለሁለት ሌንስ አይበቃም። መምረጥ ግዴታ ሆነ።

ከወርቅ ቤቶቹ አለፍ ብሎ ከድር የሚባል ልጅ ያገለገለ ካሜራ ይሸጥ ነበር። ወልቂጤ የተወለደ፣ አራዳ ያደገ፣ ምላሱ የማያርፍ ነጋዴ። ባንኮኒው ላይ ሁለት ሌንስ አስቀመጠልኝ። አንዱ አጭር፣ ድፍን፣ የቡና ስኒ የሚያክል፤ ወደፊትም ወደኋላም የማይል። ሌላው ክንድ የሚያክል፣ የሩቁን የሚስብ፣ ሲያዞሩት እየረዘመ የሚወጣ።

«አስቱ፣ እኔ ረጅሙን ብትገዢ ነው የማተርፈው» አለ ከድር። «ግን አጭሩን የሚጠይቁኝ ሽማግሌ ሽማግሌ አንሺዎች ናቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ሽማግሌ ስለሆኑ ነዋ!» አልኩትና ሳቅን።

ያኔ ሠርግ ደጋሽ ፎቶ አንሺን የሚመርጠው በሥራው እንዳይመስላችሁ፤ በሌንሱ ርዝመት ነው። የሙሽራው አጎቶች መጀመሪያ ካሜራውን ያያሉ፣ ከዚያ ነው ሰላምታ። አጭር ከያዝሽ «ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉሻል። ሴት ከሆንሽማ አለቀልሽ፤ የሙሽሪት እህት ለማስታወሻ የምታነሳ ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ እንደ ሠፈሬ ሰው አሰብኩ፤ ረጅም ካሜራ ማለት ክብር ማለት ነው። ሁለቱንም ደጃፉ ላይ ቆሜ ሞከርኳቸው። በረጅሙ ከመንገዱ ማዶ የቆመ የታክሲ ረዳት የሚያኝከውን ማስቲካ ሁሉ አየሁ። እኩለ ቀን ነው፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ዓይን ያጠፋል። በዚያ ብርሃን ምን የማይታይ ነገር አለ? የዕድሜዬን ስሕተት የሠራሁት እዚያ ነው፤ ስቱዲዮ አምፖል ሥር ያደግሁ ሰው ስለ ጨለማ ምንም አላውቅም ነበር።

ታላቅ እህቴ ሮማን በጥር ልታገባ ነው። ተክሊል ነው፤ ንጋት ላይ፣ ከቅዳሴ ጋር። እማዬ ደግሞ ያን ዓመት ግራ ጎኗ ከድቷት አልጋ ላይ ነበረች፤ ከአልጋ የምትነሳበት መንገድ አልነበረም። ለሮማን ሁሌ የምትላት አንድ ነገር ነው፤ «አክሊል ደፍተሽ ባላይሽም፣ ፎቶውን ልየውና ልሙት።» ሮማን ጋሽ ምትኩን ይዛ ነበር። እኔ ነኝ ያስተውኳት። «እህትሽ ካሜራ እየገዛች ሌላ ሰው ታስነሺያለሽ? ደግሞ ያንን ተሳዳቢ!» ብዬ ነዘነዝኳት። እሷም ለእኔ ብላ እሺ አለች።

በማግስቱ ጋሽ ምትኩ ወረፋ የያዘው ሰው ፊት ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ካሜራ ልትገዢ ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የትኛውን ሌንስ?»

«ረጅሙን።»

«አትግዢው።»

«ለምን ጋሼ?»

«አትግዢው አልኩሽ! እሱ የአውሬ ማንሻ ነው። እህትሽን ጫካ ውስጥ ነው እንዴ የምትድሯት? አጭሩን ግዢ፤ በሚተርፍሽ ባትሪ ጨምሪበት።»

«ሴት ነኝ ጋሼ። ወንዶቹ አንሺዎች ተጋፍተው ፊት አያስቀርቡኝም። ከሩቅ የሚስብ ካልያዝኩ…»

«ፊት መቅረብ ካቃተሽ ተቀምጠሽ ጉርድሽን ቁረጪ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንደ በርበሬ ቀላሁ። ምቀኝነት ነው አልኩ በልቤ፤ ደንበኛ ስለነጠቅኳቸው አንጀታቸው አርሮ ነው። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ከድር ጋ ሄጄ ረጅሙን ገዛሁ። ፈልጌው ብቻ አይደለም፤ ንዴት ነው የገዛልኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ እረፍት ነበረኝ። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩና ከስቱዲዮው ማዶ ቆምኩ፤ እንዲያዩኝ ብዬ ነው፣ ምን እደብቃለሁ። ጋሽ ምትኩ በራፋቸው ላይ በጨርቅ መስተዋት ይወለውላሉ። ክንድ የሚያክለውን ሌንስ ወደሳቸው አነጣጠርኩ። ቀና ሲሉ አዩኝ። ጨርቁን እንደያዙ እጃቸውን አንስተው ጮኹብኝ፤ መኪናው እየጮኸ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። አነሳኋቸው። አቤት ፎቶ! ቅንድባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግንባራቸው ላይ የተቋጠረው ሥር፣ ከጨርቁ የሚንጠባጠበው ውሃ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ይኸው አውሬ አነሳሁበት» ብዬ ሳቅሁ። ቤት ወስጄ ለእማዬ ሳሳያት፣ «ልጄ፣ እንዲህ አድርገሽ ሮማኔን ካነሳሻት ሌላ አልፈልግም» አለችኝ።

የሠርጉ ለት ንጋቱ ብርድ ነበር። ቤተክርስቲያን ስንገባ ውስጡ ጭልም ያለ ነው፤ ያለው መብራት ጧፍና ከላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ። እኔ ብልጭታዬን ተማምኜ ነበር። መጀመሪያ እንዳበራሁት አንድ ዲያቆን በትሕትና መጥቶ፣ «እኅቴ፣ እዚህ ብልጭታ አይፈቀድም» አለኝ። አጠፋሁት። በሌንሱ ሳይ ጥቁር ነው። የሌንሱ ርዝመት ለብርሃን ምንም አይሠራም ለካ! ብርሃን የሚያስገባበት ዓይኑ ጠባብ ነው። ያ የቡና ስኒ የሚያክለው ግን ሰፊ ዓይን ነበረው፤ ለጨለማ የተሠራው እሱ ነበር። ካሜራውን አቅሙ እስከሚፈቅደው ባስጨንቀው ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ሆነ። መዝጊያውን ረዘም አድርጌ ልክፈተው ብል ምስሉ ይደበዝዛል። ቄሱ አክሊሉን ሲደፉላት ደጋግሜ ተጫንኩት። እመቤቴ ማርያም፣ አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ ስጪኝ እያልኩ ተጫንኩት። ባትሪውም ሥርዓቱ ሳያልቅ አለቀ።

ከቅዳሴ መልስ እማዬ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቀኛለች። ነጠላዋን ለብሳለች፤ ለእሷ ሠርጉ እዚያ አልጋ ላይ ነበር። ባትሪውን ጥቂት ሞልቼ ካሜራውን ዓይኗ ሥር አስጠጋሁላት። አየች፣ አየች።

«ይቺ ነጯ ሮማን ናት?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ እሷ ናት።»

ጧፍ ነበር።

እማዬ ለፋሲካ አልደረሰችም። ሮማን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘመድ ያነሳቸውን ፎቶዎች የያዘውን የሠርጓን አልበም ዘግታ «ተክሊሌ የታለ አስቱ?» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሽ ምትኩ ደግሞ ሠርጉ እንዳለፈ ሰኞ ዕለት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ፎቶዎቹን ወሰድኩላቸው፤ በኮምፒውተር ማብራት ይችሉ እንደሆነ ብዬ። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ።

«ጥሩ ከሰል ነው» አሉ። «ስንት ማዳበሪያ አነሳሽ?»

ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው ይባላል። ልክ ነው፣ እኔ እምቢ ብያለሁ። ግን እሳቸውስ መከሩኝ? «ቤተክርስቲያኑ ጨለማ ነው፣ በብልጭታም አያስነሱሽም» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ስንት ተክሊል ያነሱ ሰው ናቸው! ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆጥበው ስድቡን ያለ ስስት ሰጡኝ። ወረፋ የያዘው ሰው እንደገና ሲስቅ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። አልተመለስኩም። አንቱታዬን ግን አልተውኩም፤ ጥላቻና ብልግና ለየቅል ናቸው።

ረጅሙን ሌንስ ከድር በግማሽ ዋጋ ወሰደልኝና አጭሩን ሰጠኝ። «ፋራ ሆንኩ አይደል?» ስለው፣ «ሁሉም አራዳ መጀመሪያ ፋራ ነበር» አለኝ፤ ለእሱ ያን ያህል ቀላል ነው። በዚያች አጭር ሌንስ ስንት ተክሊል አነሳሁ። ወንዶቹን በክርን ገፍቼ ፊት መቅረብም ተማርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በጋሽ ምትኩ ስድብ ነው፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ ያ ቀዝቃዛ ማኪያቶ ፊቴ ተቀምጦ የማስበው ይህንን ነበር። አልሰጥም ብል ማን ያውቅብኛል? የለኝም ማለት ነው፣ አለቀ። ግን ፎቶ አጥቶ ማልቀስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሮማን ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ተነስቼ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሰካሁ። ከፈትኩት። እጃቸውን አንስተው እየጮኹብኝ ብቅ አሉ። የተነሳውን እጅ ቆርጬ ጉርድ ላደርገው የኮምፒውተሩን ማውስ ይዤ ነበር፤ ተውኩት። እንዳሉ ይሂዱ። አጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ በዝናብ ውስጥ ራሴ ወሰድኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አቆሙት። አንዲት አዛውንት ጎረቤት «ወንድሜን!» እያሉ ገቡና ፎቶው ፊት ሲደርሱ ቀጥ አሉ። «ኧረ ምትኩ፣ ዛሬም ትቆጣለህ?» አሉ፤ ሳቃቸውና ለቅሷቸው ተደባልቆ ከመቀመጫው ሁሉ የሰው ድምፅ ተነሳ። ፎቶው ቁርጥ እሳቸውን ነው።

ፅዮን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ማንን ነው እንዲህ የሚቆጣው?» አለችኝ።

«እኔን።»

«ምን አድርገሽው?»

«አትግዢው ያሉኝን ሌንስ ገዝቼ።»

ዓይኗን ጠርጋ ፎቶውን ደግማ አየችው። «በምኑ ነው ያነሳሽው? ጥርት ብሎ የለ እንዴ።»

«በዚያው በሌንሱ ነው» አልኳት።

እጄን ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ለጋሽ ምትኩ ያለቀስኩ መስሏት አቀፈችኝ። ያ ሌንስ እኔ ጋ በቆየበት ጊዜ ያወጣው ደህና ፎቶ ይኸው አንዱ ብቻ ነው፤ ለእናቴ ያልሆነው ለእሳቸው ሆነ።