ኬዚያና የታቢታ መቃብር

እትዬ ኬዚያ በሰው መቃብር የሚቀኑ ሴት ነበሩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያን ጊዜ ቡጋንቪል ደሴት ተራራ ላይ ከእኛ ጋር የነበረ ግን አይስቅም።

በጦርነቱ ጊዜ የመንግሥት ወታደሮች መንደራችንን ካቃጠሉት በኋላ ምእመኑ እንዳለ ወደ ጫካ ወጣ። ጸሎት ቤታችንን በዘንባባ ቅጠል ከደንን። ባሕሩ በጦር መርከብ ስለተዘጋ ዱቄትም የወይን ጠጅም የለም፤ ለቁርባን ፓስተር አሞስ ጎደሬ ቆርሰው በኮኮናት ውኃ ይሰጡን ነበር። የባሰው መድኃኒት ማጣታችን ነው። የእትዬ ኬዚያ አንድ ልጅ ሲላስ መድኃኒት ላምጣ ብሎ በትንሽ ጀልባ ወደ ሰለሞን ደሴቶች ተሻገረና በዚያው ቀረ። ተመትቶ ይሁን፣ ታስሮ ይሁን፣ ማዶ ሚስት አግብቶ ይሁን የሚያውቅ የለም።

ለእሳቸው የቀረችላቸው አንዲት አሳማ ናት። ከእሳቱ ሲሸሹ በጀርባቸው አዝለው ነው ያወጧት፤ ያኔ ገና ግልገል ነበረች። አሁን በሰፈሩ ሌላ አሳማ አልነበረም። "የሲላስ መቀበያ ናት" ይላሉ፤ ማንም አይነካትም።

ታቢታ ከታችኛው ወንዝ ተፈናቅላ እኛ ጋ የተጠጋች ልጅ እግር ሴት ናት። ባሏ ማኑ በወባ ሞተባት። ሴቶቹ አስከሬኑን ከበው እስኪነጋ አለቀሱለት፤ ከሰፈሩ በላይ ቀበርነው፤ እሷም እንደ ወጉ ፊቷንና ገላዋን አመድ ተቀባች። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት አሳማ ታርዶ የመጨረሻው ሙሾ እስኪወርድ ድረስ ገላዋን አትታጠብም፣ አትዘምርም፣ ከሰው ጋር ማዕድ አትቀርብም። መሞቱ ላልታወቀ ሰው ግን ሙሾ የለም። ስሙን በሙሾ ሁለት ጊዜ መጥራት እሱን መግደል ነው።

እትዬ ኬዚያን ያንገበገባቸው ይሄ ነው።

"ምን ጎደለባት?" ይሉ ነበር ጎደሬ እየላጡ። "ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰላት። ሄዳ የምትቀመጥበት አፈር አላት። እኔ የት ልቀመጥ? ባሕሩ ላይ?"

"እንግዲህ መቃብሩን እናከራይሽ፣ ኬዚያ" አሉ ጋሼ ኦኖም፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ።

"አንተን ይቅበሩልኝና የራሴ ይኑረኝ!"

ወራት አልፈው ታቢታ አመዷ ውስጥ ከሳች። ፓስተር አሞስ እየፈሩ እየቸሩ እትዬ ኬዚያ ደጅ ቆሙ።

"እህቴ፣ ስለዚያች አሳማ..."

"የልጄ ናት።"

"አውቃለሁ። ግን ይህች ልጅ..."

"የልጄ ናት አልኩ! እሱን ሞቷል ማለትዎ ነው? ሞቷል ካሉ አሁኑኑ ይበሉኝ።"

ፓስተሩ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ወሬው ታቢታ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ ራሷ መጣች። ሐዘን ላይ ናትና ደፉን አልረገጠችም፤ ከዛፍ ሥር ቆማ ተናገረች።

"እትዬ፣ እኔ አላክኋቸውም። አሳማዋ የሲላስ ናት። እሱ እስኪመጣ በአመዴ እቆያለሁ።"

"ማን ለመነሽ?"

"ማንም። ብቻ ይወቁት ብዬ ነው።"

ከሄደች በኋላ እትዬ ኬዚያ የያዙትን ጎደሬ ወረወሩት። "አሁን ደግሞ ደግነቱንም ወሰደችብኝ!"

በእርግጥም ወሰደች። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። እንዴት ያለች ትዕግሥተኛ ናት፣ ምን ያለ ልብ ነው ይላሉ። እትዬ ኬዚያ ይህን እየሰሙ ጥቂት ቀን ቻሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት አሳማዋን በገመድ እየጎተቱ ጸሎት ቤቱ ደጅ አመጧት። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"እረዱ! ከኬዚያ የምትሻል ሴት አለች ሲባል አልሰማም።"

ታረደች። ሴቶቹ መቃብሩን ከበው የማኑን የመጨረሻ ሙሾ ጀመሩ። አሳማ የሰጠ ሙሾውን ያወጣልና እትዬ ኬዚያ መሪ ሆኑ። ደኅና ሄዱ፤ የማኑን ዓሣ አጥማጅነት አነሱ፣ መርከብ የከለከሉትን ረገሙ፣ ጀልባና ባሕር ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተሰበረ።

"ልጄ! ልጄ ሲላስ!"

ሙሾው ቀጥ አለ። ፓስተሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሁለተኛ ቢጠሩት በቃ፣ የሞተ ነው።

ታቢታ ከመሬት ተነሥታ በአመዳም እጇ የእትዬ ኬዚያን አፍ ያዘች።

"እትዬ፣ ይሄ መቃብር ጠባብ ነው። ማኑን ብቻ ነው የሚይዝ። ልጅዎን አያስገቡብኝ።"

እትዬ ኬዚያ እጇን መነጨቁ። "ጉድጓድም ይሰሰታል?"

"እሰስታለሁ! ያለኝ እሱ ነው። የእርስዎ ልጅ ይምጣና በእግሩ ይቁምበት።"

እትዬ ኬዚያ አፋቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሙሾውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻው የማኑን ስም ብቻ ጠሩ።

ሐዘንተኛዋን የሚያጥበውም አሳማ የሰጠው ነው። ምንጩ ዘንድ ወርደው እንደ ድስት ይፈትጓት ጀመር።

"ቀስ ይበሉ፣ እትዬ፣ ቆዳዬ ነው!"

"ዝም በይ። አሁን ልጄ ሲመጣ በምን ልቀበለው ነው?"

"በስኳር ድንች።"

"በስኳር ድንች!" አመዱ ሲለቅ ከሥሩ የወጣውን ወጣት ፊት አይተው ቅንድባቸው ተቋጠረ። "ስሚ፣ ቢመጣም ላንቺ አልድረውም። እንዳታስቢው።"

ታቢታ ሳቀች። ማኑ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ የሰማናት ያን ጊዜ ነው።

"ምን ያስቅሻል? ዙሪ፣ ጀርባሽ ቀርቷል።"